ድንጋይም ይመሰክራል

«ማርስ ላይ ውሃ ነበር ይላሉ፤ ለመሆኑ ማን አይቶት?» እያሉ የሚያላግጡ ጓደኞቻችን በዝተዋል። የታሪክ ተማሪ እንዲህ ሲል ደግሞ ያሳፍራል! ያለፈውን ዘመን እኛስ መቼ አየነው? በምስክር እናውቀዋለን እንጂ።

ምስክሩ ይኸውላችሁ። በ1971 እና 1972 እ.ኤ.አ. ማሪነር 9 ያነሳቸው ፎቶግራፎች የደረቁ የወንዝ ሸለቆዎችን አሳዩ። በ2012 ደግሞ ኪዩሪዮሲቲ የተባለው ተሽከርካሪ፣ ጌል በሚባለው ሰፊ ጎድጓዳ ሥፍራ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ አለት የሆነ ድቡልቡል ጠጠር አገኘ። ወንዝ ዳር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፦ ጠጠርን እያንከባለለ የሚያለሰልሰው ውሃ ነው። ነፋስ ነው እንዳይባል፣ ያን የሚያህል ጠጠር ነፋስ አይሸከምም።

«እንግዲያማ ሰው ነበረበት!» ብለው የሚዘሉም አሉ። ፐርሲቫል ሎዌል እኮ በ1895 በቴሌስኮፕ ያየውን መስመር የማርስ ፍጡራን የቆፈሩት ቦይ ነው ብሎ መጽሐፍ ጽፎ ነበር። መስመሩ የዓይን ስህተት ሆኖ ቀረ። ጠጠሩ «ውሃ» አለ እንጂ «ሰው» አላለም።

ወገኖቼ! ምስክር ሲናገር ጆሮ መድፈን አንድ ጥፋት ነው፤ ያላለውን አለ ማለት ሌላ ጥፋት ነው። ሁለቱም ከተማሪ አይጠበቁም።