የዊሊያም ሞሪስ ደብዳቤዎችና የርቀት ጉዳይ

እንግሊዛዊው ሠዓሊ፣ ባለቅኔና አታሚ ዊሊያም ሞሪስ (1834–1896 እ.ኤ.አ.) ከጻፋቸው ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ የቆዩት፣ በኖርማን ኬልቪን አሰናጅነት ከ1984 እስከ 1996 እ.ኤ.አ. በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትመዋል። ሞሪስ በ1891 በለንደን ሐመርስሚዝ ያቋቋመውን የኬልምስኮት ማተሚያ ቤት የሚያጠና ሰው ወደ እነዚህ ጥራዞች መሄዱ ተገቢ ነው። ተገቢ ያልሆነው፣ ብዙ የተጻፈበትን ሥራ ዋና፣ ጥቂት የተጻፈበትን ንዑስ አድርጎ መቁጠር ነው።

ሞሪስ ከ1875 ጀምሮ ለጨርቅ አቅላሚው ለቶማስ ዋርድል የላካቸው ደብዳቤዎች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ናቸው። ስለ ኢንዲጎ ጋን፣ ከተክል ሥር ስለሚገኝ ቀይ፣ በፀሐይና በእጥበት ስለሚለቅ ቀለም የሚያትቱ፣ አንዳንዴም ትዕግሥት ያለቀበት ሰው የጻፋቸው ናቸው። ለሥነ ጽሑፍ አጥኚ አሰልቺ ሊመስሉ ይችላሉ፤ የሞሪስን የእጅ ሥራ ጠባይ ግን ከብዙዎቹ የፖለቲካ ደብዳቤዎቹ አብልጠው ያሳያሉ። ይህን ያህል ዝርዝር የተጻፈው ዋርድል በስታፎርድሺር ሊክ፣ ሞሪስ ደግሞ በለንደን ስለነበሩ ነው። ጎረቤታሞች ቢሆኑ ኖሮ አብዛኛው በቃል ተነግሮ በቀረ ነበር።

በኅትመቱ ሥራ የሆነውም ይኸው ነው። በኅዳር 1888 ባቀረበው ንግግር የሞሪስን ልብ ወደ ፊደል ቀረጻ የመለሰው ኤመሪ ዎከር፣ መኖሪያው ከሞሪስ ቤት የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነበር። ኤድዋርድ በርን ጆንስም ለቾሰር መጽሐፍ 87 ሥዕሎችን ያዘጋጀ ወዳጁ ሲሆን፣ ሁለቱ እሑድ ጠዋት ቁርስ አብረው የመብላት ልማድ ነበራቸው። የፊደል ውፍረት፣ የቃላት ርቀት፣ የኅዳግ ስፋት በአንድ ወረቀት ላይ ጎንበስ ብለው ሊነጋገሩባቸው የሚችሉ ጉዳዮች ስለነበሩ ፖስታ አላስፈለጋቸውም። ስለዚህ የደብዳቤዎችን ብዛት ቆጥሮ የሥራ ድርሻን የሚደለድል ጥናት፣ አስቀድሞ ተቀባዩ የት ይኖር እንደነበር መጠየቅ ይኖርበታል። (የበርን ጆንስ አማች ማኬል በ1899 ባሳተመው የሕይወት ታሪክ የትኞቹን ደብዳቤዎች እንደመረጠ መመርመሩ ራሱን የቻለ ርእስ ነው።)

በ1896 በ425 የወረቀትና በ13 የብራና ቅጂዎች የወጣው ቾሰር እንዴት እንደተሠራ ለማወቅ፣ የሙከራ ገጾቹ፣ የሥዕል ንድፎቹና ዎከር አጉልቶ ያነሣቸው የጥንት ፊደላት ፎቶግራፎች ከደብዳቤዎቹ እኩል ሊነበቡ ይገባል።