ከአስቸጋሪ ተጣማሪ ጋር ስለ መዳኘት

ዳኝነት ለአንድ ሰው እንኳ ከባድ ሸክም ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ሜዳ ላይ አብረው ሲዳኙ ሸክሙ የሚቀል ይመስላል እንጂ ሁልጊዜ አይቀልም፤ የአንዱ ጠባይ በሌላው ሥራ ላይ ይከብዳልና። በዚህ ወር ስለ ትምህርት ቤት የቅርጫት ኳስ ዳኞች፣ ይልቁንም ጠባዩ ከማይመች ባልደረባ ጋር ስለ ተጣመረ ዳኛ ጥቂት ልንናገር ወደድን። በአሜሪካ የሚኖሩ አንዳንድ አንባቢዎቻችን በብርዱ ወራት ልጆቻቸው ሲጫወቱ ለማየት ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይቀመጣሉና ነገሩ እንግዳ አይሆንባቸውም።

ይህን ጨዋታ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1891 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በስፕሪንግፊልድ ከተማ የፈጠረው ጄምስ ናይስሚዝ ነው። እርሱም በአገራችን ወወክማ ተብሎ በሚታወቀው ማኅበር ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት መምህር ነበረ። ከደነገጋቸው 13 ሕጎች ሁለቱ የዳኞቹን ሥራ ይከፍላሉ። አንደኛው የሰዎቹ ዳኛ ሆኖ ጥፋታቸውን እንዲመለከት፣ ሁለተኛው የኳሲቱ ዳኛ ሆኖ ለማን እንደምትገባ፣ ከቅርጫትም መግባቷን እንዲወስን፣ ሰዓቱንም እንዲጠብቅ ታዘዘ። እንግዲህ ሥራን ተካፍሎ መዳኘት ከጨዋታው ጋር አብሮ የተወለደ ነው እንጂ በኋላ የመጣ ልማድ አይደለም።

ዛሬም ሁለት ዳኞች ባሉበት ግጥሚያ አንዱ ከቅርጫቱ አጠገብ፣ ከመጨረሻው መስመር ውጭ ሲቆም፣ ሁለተኛው ከጨዋታው በስተኋላ ይከተላል፤ ኳሲቱ ወደ ሌላው ቅርጫት ስትሄድ ቦታ ይለዋወጣሉ። የሜዳው ክፍልም ለየራሳቸው ተለይቷል። ኳሲቱ በአንዱ ክፍል ሳለች ሁለተኛው ዐይኑን ከእርስዋ ነቅሎ ኳስ ያልያዙትን ልጆች መጠበቅ ይገባዋል። አስቸጋሪው ባልደረባ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ሁሉን እኔ ካላየሁ ብሎ ኳሲቱን እየተከተለ ከጓደኛው ክፍል ይገባል፤ ፊሽካውንም ይነፋል። ሁለቱም አንዲቱን ኳስ ሲመለከቱ ከቅርጫቱ ሥር የሚገፋፉትን ልጆች የሚያይ አይገኝም። ክርን የሚሰነዘረው፣ ልጅም የሚጎዳው በዚያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ነገሩ የሁለት ሰዎች ክብር ብቻ ሳይሆን የልጆች ደኅንነት ነው።

የመጀመሪያው መድኃኒት ከግጥሚያው በፊት መነጋገር ነው። የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሕግ ዳኞቹ 15 ደቂቃ አስቀድመው ከሜዳው እንዲገኙ ያዝዛል፤ አስተዋዮች ግን ከዚያም ቀድመው ይገናኛሉ። በዚያን ጊዜ ያለፈውን በደል ከመቍጠር ይልቅ «እኔ ከቅርጫቱ ሥር ሳለሁ ከወዲያ ያለውን ለእርስዎ እተዋለሁ፤ ከፊቴ ያለውን ደግሞ ለእኔ ይተዉልኝ» ብሎ በትሕትና መናገር ይሻላል። ሁለቱ ፊሽካዎች በአንድነት ቢነፉ፣ ምልክት ከማሳየት በፊት እጅን አንሥቶ መተያየትና ፍርዱን ለክፍሉ ባለቤት መተው ይገባል። ይህ ቸል ተብሎ አንዱ የአጥቂው፣ ሌላው የተከላካዩ ጥፋት ነው ብለው ምልክት ካሳዩ፣ በሁለቱም ልጆች ላይ ጥፋት ይመዘገባል። ተጫዋች በአምስተኛ ጥፋቱ ከጨዋታ ይወጣልና፣ በዳኞቹ አለመስማማት ምክንያት አንዱ ልጅ ያላጠፋውን ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው።

ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ የሚመጣው ፈተና የበለጠ ነው። በሕጉ አንዱ ዳኛ ሌላው በሥራ ክልሉ የፈረደውን ሊሽር ሥልጣን የለውም። አሠልጣኙ ተቈጥቶ «ጓደኛህ ያደረገውን አየህን?» ቢለው ምን ይመልስ? «እኔስ ብሆን አልነፋም ነበር» ቢል፣ ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ ከዚያ ወዲያ የባልደረባውን ፊሽካ የሚያከብር አይኖርም። «ትክክል ፈርዷል» ቢል ደግሞ፣ የማያምንበትን ተናግሮ ይዋሻል። የሚበጀው መልስ «ፍርዱ የእርሱ ነው፤ ጥያቄ ካለዎት በሥርዐት እርሱን ይጠይቁት» የሚለው ነው። ከሁሉ የከፋው ግን የባልደረባን ስሕተት ለማካካስ በሌላው ቡድን ላይ ያለ ጥፋት መንፋት ነው። ይህ በአንዱ በደል ላይ ሁለተኛ በደል መጨመር ነው፤ የሚቀጣው ልጅ ከነገሩ የለበትምና።

ነገር ግን ዝምታ ሁሉ ሰላም አይደለም። ኳሲቱ ከመውጣቷ በፊት የማንን ጣት እንደነካች ባልደረባው ሳያይ ቀርቶ እርሱ አይቶ እንደ ሆነ፣ ቀርቦ በዝግታ ያየውን ይንገረው፤ ውሳኔውን ግን ለእርሱ ይተውለት። ደግሞም ሕጉ ራሱ እንዲታረሙ የፈቀዳቸው ስሕተቶች አሉ፤ የተገባ የቅጣት ውርወራ መከልከል፣ ያልተገባውን መስጠት፣ ያልተመደበ ተጫዋች እንዲወረውር ማድረግ፣ ነጥብን በስሕተት መቍጠር ወይም መሰረዝ ከእነዚህ ናቸው። ጊዜው ግን አጭር ነው፤ ሰዓቱ መቍጠር ጀምሮ፣ ጨዋታው አንድ ጊዜ ቆሞ ኳሲቱ ዳግመኛ ለጨዋታ ከተሰጠች በኋላ ማረም አይቻልም። «ይቈጣኛል» ብሎ ዝም የሚል ዳኛ የራሱን ሰላም በልጆቹ መብት ገዛ። ባልደረባው ከአሠልጣኝ ጋር ሲጋጭም ከዳር ቆሞ መመልከት አይገባም፤ በመካከላቸው ገብቶ ሁለቱን በለዘበ ቃል መለየት የባልደረባነት ግዴታ ነው።

ከግጥሚያው በኋላ በመልበሻው ክፍል፣ ቍጣ ከበረደ ወዲያ፣ ዐሥር ነገር ሳይሆን አንድ ነገር ብቻ አንሥቶ መነጋገር መልካም ነው። ሰውየው ባይመለስና በልጆቹ ላይ አደጋ የሚያመጣ ቢሆን፣ አስቀድሞ ለራሱ ነግሮ ዳኞችን ለሚመድበው ኃላፊ ማስታወቅ ሐሜት አይባልም። ሐሜት የሚባለው ለራሱ ሳይነግሩ ለሌሎች ዳኞች ማውራት ነው።

ወላጆችም ከዚህ የሚወስዱት አለ። ከመቀመጫቸው ሆነው አንዱን ዳኛ በሌላው ላይ ከማነሣሣት ይጠንቀቁ። በቤትም ቢሆን አባትና እናት በልጆቻቸው ላይ ሁለት ዳኞች ናቸው። እናት የከለከለችውን አባት በልጆቹ ፊት ቢፈቅድ፣ ልጆቹ የሚማሩት ከሁለቱ ማን ትክክል እንደ ሆነ ሳይሆን በሁለቱ መካከል ሾልኮ ማለፍን ነው። ልዩነት ሲኖር በጓዳ ይነጋገሩ፤ ልጅ የሚጎዳበት ነገር ሲሆን ግን ከመናገር አይዘግዩ።