አገኘ ወይስ ደረሰ?

«ካፒቴን ኩክ አውስትራልያን አገኘ» የሚል ቃል በትምህርት ቤትም በመጽሐፍም እንሰማለን። ይህ ቃል የቆየ ቢሆንም የተመረመረ አይደለምና ልንመረምረው ይገባናል።

በሰዋስው ሕግ የዚህ ዓረፍተ ነገር ባለቤት ኩክ ነው፤ አገሪቱ ግን ተሳቢ ናት። ሰሙ ይህ ነው። ወርቁም የምድሪቱ ባለቤትነት ከልጆቿ ተወስዶ ለእንግዳ መሰጠቱ ነው። ከጥንት ጀምረው የኖሩባት፥ ከ250 የሚበልጥ ቋንቋ የተናገሩባት ሕዝቦች በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ስፍራ እንኳ የላቸውም።

«ለአውሮፓውያን አዲስ ስለ ሆነች ነው» የሚል ቢኖር፥ ይህም አያስኬደውም። ሆላንዳዊው ዊለም ያንስዞን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1606 ዓ.ም.፥ ይኸውም ከኩክ 164 ዓመት አስቀድሞ፥ በሰሜን ጠረፏ ወርዷልና።

ደግሞም የግእዙ ረከበ በአማርኛ አገኘ ማለት ነው፤ ከእርሱ የወጣው ተረከበ ግን ያለ አስረካቢ አይነገርም። የእንግሊዝ የባሕር ሹማምንት በ1768 ለኩክ በሰጡት የምስጢር ትእዛዝ፥ ሰዎች ቢኖሩ በፈቃዳቸው፥ ማንም ባይኖር ግን በቀዳሚነት ምድሩን በንጉሡ ስም እንዲይዝ አዝዘውት ነበር። እርሱ ግን በሚያዝያ 1770 በቦታኒ ወሽመጥ ሁለት ሰዎች ጦር ይዘው ቢከለክሉት ጠመንጃ ተኮሰባቸው፤ በነሐሴም የአንድ ሰው ፈቃድ ሳይቀበል የምሥራቁን ጠረፍ ለንጉሥ ጊዮርጊስ 3ኛ ያዘ። በውኑ አስረካቢው ማን ነው? አክዓብ እንኳ የናቡቴን የወይን ቦታ በተመኘ ጊዜ አስቀድሞ ለምኖት፥ ለውጥም ዋጋም አቅርቦለት ነበር።

በ1788 ዓ.ም. 11 መርከቦች እስረኞችን ጭነው መጥተው በሲድኒ ሰፈሩ፤ በዓመቱም ፈንጣጣ ከአገሩ ሰዎች ብዙዎቹን ፈጀ። በ1835 ጆን ባትማን ከነባሮቹ ጋር የመሬት ውል አደረግሁ ቢል፥ አገረ ገዢው ቡርክ መሬቱ የእንግሊዝ ዘውድ ነው ብሎ ውሉን አፈረሰ። ባለቤት ከሌለው ሻጭ ከወዴት ይመጣል? አንድ ሐሰተኛ ቃል እንዲህ ያለ ሕግ ይወልዳል።

ይህንንም ያፈረሰው በ1992 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ምድሪቱ ባለቤት አልነበራትም የሚለውን ነገር ሐሰት ነው አለ። ከሳሹ ኤዲ ማቦ ግን በዚያው ዓመት በጥር ዐርፎ ነበርና ፍርዱን አልሰማም።

እንግዲህ ዳኞች ከ204 ዓመት በኋላ ያረሙትን ቃል መምህራንና ጸሐፍት ሳያርሙ ቢቀሩ ነውሩ የእነርሱ ነው። ኩክ ደረሰ፤ እንግሊዝ ያዘች፤ ባለቤቱ ግን አልሰጠም። በዚህ ዓይነት ቢጻፍ ባለቤቱ ከስፍራው ይገኛል።