ማይክራፎኑን ከመቀየራችሁ በፊት

በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የባለ ሙያ ወሬ ይመስል ይሆናል። ባላቸው ወይም ሚስታቸው የሚዘምሩ፣ ልጃቸው ኪቦርድ የሚጫወትላቸው ቤተ ሰቦች ግን አሳምረው ያውቁታል። ሰርቪስ ቤቱ ወይም መኝታ ቤቱ ስቱዲዮ ይሆናል። ኮምፒውተር ይገዛል፣ ማይክራፎን ይገዛል። ከዚያም የተቀዳው መዝሙር ሲደመጥ ድምፁ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። «ማይክራፎኑ ነው» ይባልና ለልጆች ትምህርት ቤት የተቀመጠው ገንዘብ ላይ ዓይን ያርፋል። ባልና ሚስት የሚጋጩትም እዚህ ላይ ነው።

ወገኖች፣ ገንዘቡ ለጊዜው ባለበት ይቆይ። በአብዛኛው ጥፋቱ የማይክራፎኑ ሳይሆን የክፍሉ ነው። ውድ ማይክራፎን ደግሞ የክፍሉን ጉድለት አጥርቶ ይቀዳዋል እንጂ አይደብቀውም።

እስቲ ከክፍሉ መካከል ቆማችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ «ትርርር» የሚል ነገር ከተከተለ ድምፁ ትይዩ በሆኑ ግድግዳዎች መካከል እየተላጋ ነው ማለት ነው። የተለሰነ ብሎኬት፣ የሲሚንቶ ወለል፣ የመስኮት መስታወት፣ ሁሉም ድምፅን እንደ ኳስ ይመልሳሉ። ማይክራፎኑም ዘማሪውን አንድ ጊዜ በቀጥታ፣ ከዚያ ደግሞ ከየግድግዳው ተመላልሶ ይሰማዋል።

ይህን ነገር በመለካትና በቁጥር በማስቀመጥ ስሙ የሚነሣው ዋላስ ሴይቢን የተባለ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 የተከፈተው የፎግ ሙዚየም የትምህርት አዳራሽ ድምፅ በጣም ስለሚያስተጋባ የመምህሩ ንግግር አይለይም ነበርና መፍትሔ እንዲፈልግ ተጠየቀ። እርሱም ሌሊት፣ ጸጥታ ባለበት ሰዓት፣ ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራሶች እያስመጣ፣ ትራስ በጨመረ ቁጥር ድምፁ እስኪጠፋ የሚፈጀውን ጊዜ ይለካ ነበር። ያገኘውም ይህ ነው፦ ክፍሉ በሰፋ ቁጥር ማስተጋባቱ ይረዝማል፤ ድምፅ የሚመጥ ለስላሳ ነገር በበዛ ቁጥር ያጥራል። እንግዲህ የሃርቫርዱ መምህር በትራስ የሠራውን እኛ በቡልኮና በፍራሽ ብንሠራው የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ከድምፅ ቅጂው እንጀምር። ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ማይክራፎን ከፊቱ ያለውን በደንብ ይሰማል፣ ከጀርባው ያለውን ግን እምብዛም አይሰማም። ከፊቱ ያለው ማን ነው? ዘማሪውና ከዘማሪው ጀርባ ያለው ግድግዳ። ስለዚህ መሸፈን ያለበት በቅድሚያ ከዘማሪው ጀርባና ከጎኑ ያለው ነው። ብዙ ሰው ግን የሚሸፍነው ከማይክራፎኑ በስተኋላ ያለውን ብቻ ነው። ሁለት ወፍራም ቡልኮ ወይም ብርድ ልብስ በገመድ ወይም በእንጨት ማቆሚያ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቃችሁ ስቀሉ። ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ጨርቅ ይልቅ ከበስተኋላው ክፍት ቦታ ያለው ጨርቅ የተሻለ ይመጣል። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ይነጠፍ። ዘማሪውም ከማይክራፎኑ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይቁም፤ ከራቀ ክፍሉ አብሮት ይዘምራል።

የእንቁላል ካርቶንስ? በየስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ተደርድሮ ታዩታላችሁ። ቀጭን ወረቀት ነውና የረባ ሥራ አይሠራም፤ እንቁላሉን ይያዝበት። ቀጭን ስፖንጅም ቢሆን የሚመጠው ቀጫጭኑን ድምፅ ብቻ ነው። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ የቤዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ 3.4 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ 3 ሴንቲ ሜትር ስፖንጅ ምን ያደርገዋል? እንዲያውም ግድግዳውን ሁሉ በስፖንጅ የሸፈነ ሰው ጥራቱን አጥፍቶ ጉምጉምታውን ያስቀራል።

ስለ ስፖንጅ ካነሣን አይቀር ከድምፅ የሚበልጥ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ ስቴሽን በተባለ የምሽት ክበብ ውስጥ፣ የመድረክ ርችት ድምፅ እንዲቀንስ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስፖንጅ አቀጣጠለውና 100 ሰዎች ሞቱ። እሳቱ ክበቡን ያዳረሰው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። መብራት ሲጠፋ ሻማ የምናበራ ሰዎች ይህን ልንዘነጋው አይገባም። ተራ የፍራሽ ስፖንጅ ግድግዳ ላይ አትለጥፉ፤ ልጆች በሚተኙበት ክፍልማ በጭራሽ። ቡልኮና መጋረጃም ጨርቅ ናቸውና እዚያ ክፍል ውስጥ ሻማም ሆነ ምድጃ አይግባ። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውንም ከጨርቅ ሥር አትደብቁት።

አሁን ወደ ቤዝ እንመለስ፤ አስቸጋሪው እርሱ ነውና። ሰርቪስ ክፍላችሁ 3 ሜትር በ3 ሜትር ነው እንበል። በሁለት ግድግዳዎች መካከል በሰከንድ 57 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ድምፅ ልክክ ብሎ ይገጥምና ያገሣል። ርዝመቱና ወርዱ እኩል ስለሆነ ደግሞ ሁለቱም አቅጣጫ ያንኑ ድምፅ ያጎላል። በክፍሉ መካከል ለተቀመጠ ሰው ግን ይኸው ድምፅ ይጠፋበታል። ቤዙ ያነሰ መስሎት ይጨምራል፤ መዝሙሩ ቤተ ክርስቲያን ሲከፈት ስፒከሩ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ መካከል ላይ አትቀመጡ። በ3 ሜትር ክፍል ከፊት ለፊቱ ግድግዳ 1.15 ሜትር ያህል ርቃችሁ ጀምሩና ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያላችሁ ፈልጉ።

ቤዝ በማዕዘን ይከማቻል። አናጢ ከጣውላ ፍሬም ሠርቶላችሁ 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ባለው ሮክ ዉል ሞልታችሁ፣ አየር በሚያሳልፍ ጨርቅ አልብሳችሁ በማዕዘኖቹ ብታቆሙት ከሁሉ ይበልጣል። ስትሠሩ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጉ፤ ሰውነት ያሳክካል። አቅም ካልፈቀደ ተጠቅልሎ የቆመ አሮጌ የጥጥ ፍራሽም ይረዳል።

ቀጥሎ ያለው ሥራ ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዳችሁ በማዳመጫው ቦታ ተቀመጡ፤ ሌላኛችሁ መስተዋት በጎን ግድግዳው ላይ እያንሸራተታችሁ ሂዱ። ለተቀመጠው ሰው በመስተዋቱ ውስጥ ስፒከሩ የታየበት ቦታ ድምፁ ነጥሮ ጆሮው የሚደርስበት ነው። ከእነዚህ ፍሬሞች አንዱን እዚያ ስቀሉ። በሌላው ጎንም እንደዚሁ አድርጉ። ሁሉን ግድግዳ መሸፈን ግን አያስፈልግም።

አንድ ነገር ሳይነገር እንዳይቀር። እስካሁን ያልነው ሁሉ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ድምፅ ያሳምራል እንጂ ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳይሄድ ወይም የሕፃን ልቅሶ እንዳይገባ አያግድም። ያንን የሚያግደው ክብደትና ክፍተት አለመኖር ነው፦ ወፍራም በር፣ በበሩ ዙሪያ ጎማ፣ የተደፈነ የመስኮት ስንጥቅ። በክረምት ቆርቆሮ ላይ ለሚወርደው ዝናብ ርካሽ መድኃኒት የለውም፤ እስኪያባራ መጠበቅ ነው።

እናት በገዛ ቤቷ ቀኑን ሙሉ በሹክሹክታ እንድታወራ፣ ልጆችም በጣታቸው ጫፍ እንዲራመዱ ማድረግ ደግሞ የሚዘልቅ አይደለም። ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ሰዓት ተስማሙ። ድምፅ የሚቀዳው ልጆቹ ትምህርት ቤት በሚሆኑበት ሰዓት ይሁን። ሌሊት የሚሠራው ሚክስ በሄድፎን ይጀመርና በማግስቱ በስፒከር ይስተካከላል።