የድንጋይ ቅጥርና የወንድም ቃል

በግሪክ አገር በደቡብ በኩል ቀድሞ ሞሬያ ይባል የነበረ ምድር አለ። ዙሪያውን ባሕር ከቦታል፤ በዚያ ዘመን ከሌላው አገር ጋራ የሚያገናኘው በቆሮንቶስ አጠገብ ያለ ጠባብ ምድር ብቻ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1349 ዓመት የቁስጥንጥንያ ንጉሥ ዮሐንስ ካንታኩዜኖስ ልጁን ማኑኤልን በዚያ ሾመው። ከዚያም ወዲህ የነገሥታት ልጆችና ወንድሞች በሚስትራ ከተማ ተቀምጠው ምድሩን ይገዙ ነበር።

በ1415 ዓመት ንጉሥ ዳግማዊ ማኑኤል ጠላት እንዳይገባ በጠባቡ ምድር ላይ የነበረውን አሮጌ ቅጥር አሳደሰ። የቅጥሩም ስም «ስድስት ማይል» ይባል ነበር። በ1446 ዓመት ግን ገዦቹ ቆስጠንጢኖስና ወንድሙ ቶማስ በአንድነት ሲጠብቁት ሳሉ፥ የቱርኮች ሱልጣን ዳግማዊ ሙራድ በመድፍ አፈረሰው። ስለዚህ ሞሬያን ያጠፋት መድፍ ነው የሚሉ አሉ። ነገር ግን ይህ የነገሩ ግማሽ ነው።

በ1449 ዓመት ቆስጠንጢኖስ ንጉሠ ነገሥት በሆነ ጊዜ የሞሬያ ግዛት ለሁለቱ ወንድሞቹ ለቶማስና ለዲሜጥሮስ ተከፈለ። እነርሱም አንዱ በሌላው ላይ እንዳይነሣ በእናታቸው ፊት ማሉ። በ1453 ዓመት ቱርኮች ቁስጥንጥንያን ሲይዙ ቆስጠንጢኖስ ከተማውን ሳይለቅ ሞተ። በ1458 ዓመትም ሱልጣን ዳግማዊ መሐመድ ከሞሬያ ምድር ከፍሎ ወሰደ። ሁለቱ ወንድማማች ግን ከዚህ ሁሉ አልተማሩም፤ በ1459 ዓመት መሐላቸውን ረስተው እርስ በርሳቸው ተዋጉ። በ1460 ዓመት ሱልጣኑ ተመልሶ በመጣ ጊዜ ዲሜጥሮስ ሚስትራን አስረከበ፤ ቶማስም በባሕር ሸሽቶ በ1465 ዓመት በሮም ሞተ።

በእርግጥ የቱርኮች ኃይል እጅግ ታላቅ ስለ ነበረ፥ ወንድማማቾቹ ቢስማሙም ምናልባት አገራቸውን ባላዳኑ ነበር። ነገር ግን ድል መሆንና ማፈር አንድ አይደለም። ቆስጠንጢኖስም ድል ሆኗል፤ ሆኖም ሕዝቡን አልተወም። ወንድሞቹ ግን ሕዝብ እንዲጠብቁበት የተሰጣቸውን ሰይፍ እርስ በርሳቸው ተማዘዙበት። ገዦች ሲጣሉም የሚረገጠው የድኻው እርሻ ነው።

በአንድ ቤት የሚያድጉ ልጆችም እንዲሁ ናቸው። ከውጭ የሚመጣውን ክፉ ነገር ሁሉ መከልከል አይችሉም፤ እርስ በርሳቸው የተሰጣጡትን ቃል መጠበቅ ግን በእጃቸው ነው። የፈረሰ ቅጥር በድንጋይ ይጠገናል፤ የፈረሰ መሐላ ግን መጠገኛው ጭንቅ ነው። ስለዚህ ለወንድሙ ቃል የሰጠ ሰው፥ ከሁሉ አስቀድሞ በመከራ ቀን ቃሉን ይጠብቅ።