በሰው እጅ ያለ ሰው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ ዐልፎ፥ ደብረ ሲናን ተሰናብቶ ቁልቁል ሲወርድ ጋቢውን ከትከሻው ላይ ማውረዱ አይቀርም። ብርዱ ከደጋው ጋራ ቀርቶ የይፋት ቆላ ሙቀት ይቀበለዋልና። ማሽላው፥ ማሾውና ሽንኩርቱ በግራና በቀኝ ይታየዋል። ጥቂት ቆይቶም ሸዋ ሮቢት ይገባል፤ ምሳውን በልቶ፥ ውሃውን ጠጥቶ መንገዱን ይቀጥላል። በዚህች የመተላለፊያ ከተማ ግን መንገደኛው የማያየው፥ ቢያየውም ከአጥሩ በቀር የማያውቀው አንድ ሰፊ ግቢ አለ። ይኸውም የፌዴራል ማረሚያ ቤቱ ነው።

ዛሬ በዚህ ዐምድ ልንናገር ያሰብነው ስለ ወንጀልና ስለ ቅጣት አይደለም። ሙሉ ሰው ሆኖ ሳለ ኑሮው ሁሉ በሌላ ሰው እጅ ስለ ወደቀ ሰው ነው። እስረኛው፥ አልጋ ላይ የዋለው ሽማግሌ፥ አእምሮው የታወከው ሕመምተኛ፥ በመጠለያ የሚኖረው አካል ጉዳተኛ ኑሯቸው የተለያየ ይመስላል። ነገር ግን አራቱም የሚበሉት ሌላው ሲሰጣቸው ነው፤ የሚወጡትም ሌላው በሩን ሲከፍትላቸው ነው። ሕፃን ሲበደል ቢያንስ ልጅ ነው ተብሎ ይታዘንለታል። እነዚህ ግን ዐዋቂዎች ስለ ሆኑ ራሳቸውን ይጠብቃሉ ተብሎ ይታሰባል፤ ጉዳታቸውም የሚጀምረው ከዚህ አሳብ ነው።

የማረሚያ ቤቱን ነገር ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ተቃጠለ። 23 ሰዎች መሞታቸውን መንግሥት አስታወቀ። ከቃጠሎው ከተረፉት እስረኞች ብዙዎቹ ወደ ሌሎች ማረሚያ ቤቶች፥ ከእነዚህም መካከል ወደ ሸዋ ሮቢት ተወሰዱ። በኋላም ቃጠሎውን አስነሥታችኋል ተብለው 38 ሰዎች ሲከሰሱ፥ ከተከሳሾቹ መካከል በሸዋ ሮቢት ሳሉ ቃል እንዲሰጡ መደብደባቸውንና መሠቃየታቸውን ለፍርድ ቤት የተናገሩ ነበሩ። ፍርድ ቤቱም የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ነገሩን እንዲያጣራ አዘዘ፤ ኮሚሽኑም በተከሳሾች ሰውነት ላይ ጉዳት መኖሩን የሚገልጽ ሪፖርት አቀረበ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርበው በእስረኞች ላይ ሥቃይ ይፈጸም እንደ ነበረ አመኑ። በዚያው ወር መጨረሻም የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች ኀላፊዎች ከሥራቸው ተሰናበቱ።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? እነዚያ ሰዎች ጉዳታቸውን ሊናገሩ የቻሉት ከግቢው ወጥተው ዳኛ ፊት የሚቆሙበት ቀን ስለ ነበራቸው ነው። ነገሩም የተረጋገጠው ከግቢው ውጭ የሆነ አካል መጥቶ ስላየ ነው። ነገር ግን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ሁሉ፥ ይህ ሁሉ የሆነው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነበር። ስለዚህም በ2012 ዓ.ም. ኮሚሽኑን ያሻሻለው ዐዋጅ ቁጥር 1224 ሲወጣ፥ ሰዎች ተይዘው የሚገኙባቸውን ሥፍራዎች ኮሚሽኑ ቀድሞ ሳያስታውቅ ገብቶ እንዲያይ ሥልጣን ሰጠው። በእኛ አስተያየት የዚህ ዐዋጅ ትልቁ ቁም ነገር «ሳያስታውቅ» የሚለው ነው። እንግዳ መምጣቱ አስቀድሞ የታወቀ እንደ ሆነ ግቢው ይጠረጋል፥ ወጡም ይወፍራል። ቤት በእውነት የሚታወቀው እንግዳ ሳይጠበቅ ሲመጣ ነው።

እንግዲህ እስረኛ ምንም ቢሆን ቀጠሮ አለው። ቀጠሮ የሌላቸውስ?

በየቤቱ ጓዳ፥ በየጸበሉና በየሼኹ ደጅ አእምሯቸው ታውኮ በገመድ ወይም በሰንሰለት የታሰሩ ወገኖች እንዳሉን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለንም። ሕጋችንም ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 342፥ ከ2 ሺህ የሚያንሱ ሰዎች በሚኖሩበት ሥፍራ አንድን ሰው ቤተሰቦቹ ስለ አእምሮው ሁኔታ የሚጠብቁትና እንደ ልቡ እንዳይዘዋወር የሚከለክሉት እንደ ሆነ፥ ዕብደቱ በግልጽ የታወቀ ሆኖ እንዲቆጠር ይደነግጋል። ሕጉ ይህን ማለቱ ሰውየው የሚፈጽመው ውል ይጸና ወይም ይፈርስ እንደ ሆነ ለመለየት ነው። ያ ሰው በምን ሁኔታ ታስሮ እንደሚኖር ሄዶ የሚያይለት ሰው ግን በዚያ ቁጥር አልተሰየመለትም። ለውሉ ታሰበለት፤ ለራሱ ግን አልታሰበለትም።

ይህንን ስንል የሚያስሩትን ወላጆች በጭካኔ ለመክሰስ አይደለም። እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ትልቅ አውራ ጎዳና በሚያልፍበት ከተማ፥ ወንዝም በቀረበበት ቆላ፥ ልጇ ወጥቶ መኪና እንዳይገጨው ወይም ውሃ እንዳይወስደው የምትፈራ እናት ምን ታድርግ? በጉራጌ አገር በቡታጅራ ዙሪያ የአገራችን ሐኪሞች ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን መርምረው ባደረጉት ጥናት፥ ስኪዞፍሬንያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ከያዛቸው መካከል ዘመናዊ ሕክምና ያገኙት ከአሥር አንድ ገደማ ብቻ ሆነው ተገኙ። መድኃኒት ካልመጣ የሚመጣው ገመድ ነው። በዚያው አገር በሶዶ ወረዳ ሕክምናው በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ በተደረገ ጊዜ ግን፥ በአንድ ዓመት ውስጥ ታስረው ያውቁ የነበሩት ሕመምተኞች ቁጥር ከአራት አንድ ወደ ዐሥር አንድ ገደማ ዝቅ አለ። እናቶቹ ሰንሰለቱን የፈቱት ተሰብከው ወይም ተወቅሰው ሳይሆን ረዳት አግኝተው ነው። ለይፋትም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። የእንጦጦ ማርያም ጸበል አባቶችና የአእምሮ ሐኪሞች ተባብረው እንደ ሠሩ ሁሉ፥ መድኃኒቱና ጸሎቱ ጎን ለጎን ሊሄዱ እንደሚችሉም ታይቷል።

ሌሎቹ ደግሞ በመጠለያ የሚኖሩት ናቸው። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማእከል በሺህ የሚቆጠሩ ወገኖችን ከጎዳና አንሥቶ አስጠግቷል። ሕዝቡም ጠግቦ ሳይሆን ከጉርሻው ከፍሎ ረድቶታል። ይህ የሚያኮራ ሥራ ነው። የዚህን ማእከል አርአያ ተከትለው በየክፍለ አገሩ የሚከፈቱ ቤቶች እየበዙ በሄዱ ቁጥር ግን አንድ ነገር መርሳት አይገባንም፤ ቸርነት የቁጥጥርን ቦታ አይተካም። መልካም ቤት የሚያየው ሰው ቢመጣ ይከበርበታል እንጂ አይዋረድበትም።

ይህ የድኻ አገር ችግር ብቻ ነው የሚል ቢኖር፥ ባለጸጋዪቱን እንግሊዝን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. በብሪስቶል ከተማ አጠገብ ዊንተርቦርን ቪው በሚባል የግል ሆስፒታል፥ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያላቸው ዐዋቂዎች በአስታማሚዎቻቸው ሲመቱና ሲዋረዱ የቢቢሲ ጋዜጠኛ በስውር ካሜራ ቀርጾ አሳየ። 11 ሠራተኞች ተፈረደባቸው፤ 6ቱም ታሰሩ። የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። በዚያው ቤት ያገለግል የነበረ አንድ ነርስ ነገሩን አስቀድሞ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አመልክቶ ሰሚ አጥቶ ነበር። እንግዲህ ተቆጣጣሪ መሾም ብቻውን አይበቃም፤ ተቆጣጣሪው ጆሮ ሊኖረው ይገባል።

የሕግ መሠረት ጎደለን ለማለት አንችልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፥ የአእምሮ ሕሙማንንና አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። በ2002 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 676 አገራችን ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 16፥ እነዚህን ወገኖች የሚያገለግሉ ተቋሞች ሁሉ ነጻ በሆኑ አካላት እንዲጎበኙ ያስገድዳል። «ሁሉ» ማለት የመንግሥቱም፥ የበጎ አድራጊውም፥ የሃይማኖቱም ቤት ማለት ነው። በማረሚያ ቤት በር የተጀመረው ሳያስታውቁ መግባት በእነዚህም በሮች ሊቀጥል ይገባል።

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ ዘመን ስላልሆነን ነገሩን ሁሉ በሕግ ቁጥር እናስባለን ተብለን እንወቀስ ይሆናል። ስለዚህ ቁጥሩን ትተን በይፋት ሕዝብ እጅ ያለውን እንናገር። በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች፤ ነፍሰ ጡሯን በምትመዘግብበት ደብተር አልጋ ላይ የዋለውንና የታሰረውንም ትመዝግብ። ቄሱና ሼኹ ሕመምተኛውን ሲጎበኙ ከአስታማሚው ለይተው ለብቻው ያነጋግሩት። የወረዳው ጤና ጣቢያ የአእምሮ መድኃኒት አያጣ። ለብቻዋ ለዓመታት የምታስታምመውንም እናት ጎረቤት ለአንድ ቀን እንኳ ያሳርፋት፤ የደከመ እጅ ሳይወድ ይከፋልና። እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፥ ንፍሮ ይቀቅላል፥ ሦስት ቀን ይቀመጣል። ይኸው እድር ሰውየው ሳይሞት በወር አንድ ጊዜ በሩን ቢያንኳኳ ምን ይጎድልበታል?

የቤት ገመና አይወጣም እየተባለ ብዙ በር ተዘግቶ ኖሯል። አባቶቻችን ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። ዛሬ የሌላውን በር የምናልፍ ሁላችን፥ ዕድሜ ከሰጠን አንድ ቀን በሰው እጅ እንገባለን። ያን ጊዜ በራችንን የሚያንኳኳ እንዲኖረን የምንሻ ከሆነ፥ ማንኳኳቱን አሁን እንጀምር እንላለን።