ከአንገቱ ይልቅ ሶሉን እንይ

የቅርጫት ኳስ ጫማ ስንመርጥ ከሁሉ አስቀድመን የአንገቱን ቁመት ማየታችን ያሳስበኛል። ረጅም አንገት ቁርጭምጭሚትን ከወለምታ ያድናል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው፤ ነገር ግን በ1993 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት 622 የኮሌጅ ተጫዋቾችን በዕጣ ከፋፍሎ ለከፊሉ ረጅም፣ ለከፊሉ አጭር ጫማ ሰጥቶ ሲከታተል፣ በጉዳቱ ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም። የቅርጫት ኳስ ኮከቡ ኮቤ ብራያንትም የእግር ኳስ ተጫዋቾችን አይቶ ናይኪን አጭር ጫማ አሠራ፤ በ2009 ከቡድኑ ሌከርስ ጋር ዋንጫ ያነሳውም ያንኑ ተጫምቶ ነው። ሱቅ ውስጥ ሁለት እርምጃ ተራምዶ «ይመቻል» ማለትም ብዙ አይነግረንም። ዋናው ጥያቄ ሜዳ ላይ ነው የሚመለሰው፦ በሙሉ ፍጥነት እየሮጡ ድንገት ቆመው ወደ ጎን ሲታጠፉ ሶሉ ወለሉን ይነክሳል ወይስ ያንሸራትታል? ትንሽ አቧራ ባየ ቁጥር በመዳፍ ካልተጠረገ የማይይዝ ጫማ፣ የቱንም ያህል ለስላሳ ቢሆን፣ ለጨዋታ አይሆንም። ቀጥሎ ተረከዝን አጥብቆ መያዙና እግር ከውስጥ ወደ ጎን እንዳይሾልክ ማገዱ ይታያል። በአስፋልትና በሲሚንቶ ሜዳ ለሚጫወት ደግሞ ለስላሳ ጎማ ቶሎ ስለሚያልቅ፣ ጠንከር ያለና መስመሩ ጥልቅ የሆነ ሶል ይግዛ።